አተንቦሮ የሚባሉት ሰዎች ከየት መጡ?

ስለ እንስሳትና ስለ ዕፅዋት የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞችን የሚከታተል ሰው «አተንቦሮ» የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። በ1926 የተወለዱት ሰር ዴቪድ አተንቦሮና በ2014 ያረፉት ታላቅ ወንድማቸው፣ ተዋናይና የፊልም ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ አተንቦሮ፣ ስሙን በዓለም ዙሪያ አስተዋውቀውታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ይህን ያህል ይታወቅ እንጂ ተሸካሚዎቹ ግን ጥቂት ናቸው። ስሚዝ ወይም ጆንስ የሚባል ሰው በየትኛውም የብሪታንያ ከተማ ይገኛል፤ አተንቦሮ ግን መካከለኛው እንግሊዝ ውስጥ ካለ አንድ ጠበብ ያለ አካባቢ ወጣ ሲሉ ብዙም የማይገጥም ስም ነው።

እንዲህ ያለ ብርቅዬ ስም «ከየት መጣ?» ሲባል ብዙውን ጊዜ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች እንደ አንድ ተደርገው ይጠየቃሉ። ቃሉ ራሱ ከየት መጣ? ስሙን የያዙት ሰዎች የት የት ይኖራሉ? ሰዎቹስ በእርግጥ የአንድ አባት ዘሮች ናቸው? የመጀመሪያውን የሚመልሱት የቋንቋ ሊቃውንት ናቸው፤ ሁለተኛው የሚፈታው በሕዝብ ቆጠራና በአጥቢያ መዝገብ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከላቦራቶሪ ውጭ ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። አንዱ ሲመለስ ሌሎቹም አብረው የተመለሱ የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ የዘር ሐረግ ፍለጋ ውስጥ የሚታየው ስሕተት አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ይመስለኛል።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት በእኛና በእንግሊዞች አሰያየም መካከል ያለውን ልዩነት ማስታወስ ያስፈልጋል። አበበ በቀለ ስንል በቀለ የአበበ አባት መሆኑን እንናገራለን፤ የአበበ ልጅ ደግሞ «አበበ»ን ይዞ «በቀለ»ን ይተወዋል። የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል ማለት ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ቅጽ ሲሞሉ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ ላይ የአያታቸውን ስም አስገብተው፣ በኋላ እናት፣ አባትና ልጅ ሦስት የተለያየ ስም ይዘው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ማብራሪያ የሚጠየቁት በዚህ ምክንያት ነው። የእንግሊዙ የቤተሰብ ስም ግን ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ስድስትና ሰባት መቶ ዓመት ሊጓዝ ይችላል። ሆኖም ርዝመቱን እንጂ በመካከል ያለፉትን ሰዎች አይነግረንም። አንድ የአገራችን ሽማግሌ ሰባት ቤት ሲቆጥር ወይም በቀድሞው ጊዜ ለርስት ሲሟገት የእያንዳንዱን አያትና ቅድመ አያት ስም ይጠራል፤ አተንቦሮ የሚባል ሰው በእጁ ያለው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው።

ይህ ዓይነቱ አሰያየም እንግሊዝ ውስጥም ከጥንት ጀምሮ የነበረ አይደለም። ኖርማኖች አገሪቱን ከያዙበት ከ1066 በፊት ሰው የሚጠራው በአንድ ስም ነበር። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ባለርስት መኳንንቱ፣ ቀስ በቀስም ተራው ሕዝብ ተጨማሪ መጠሪያ እየያዘ ሄደ፤ በ1400 ገደማ አብዛኛው የእንግሊዝ ሕዝብ ለልጆቹ የሚያወርሰው ስም ነበረው፤ ሰሜኑ ትንሽ ዘግይቷል፣ ዌልስ ደግሞ በጣም ዘግይታለች። ስሞቹ የተወሰዱት ከሙያ፣ ከአባት ስም፣ ከቅጽል ስም ወይም ከመኖሪያ ቦታ ነው። አተንቦሮ ከመጨረሻው ወገን መሆኑ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው «የትኛው ቦታ?» የሚለው ነው።

ከኖቲንግሃም ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በትሬንት ወንዝ ዳር፣ አተንቦሮ የምትባል መንደር አለች። በ1611 በዚያች መንደር ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ከተነሡት ሕፃናት አንዱ ሄንሪ አይርተን ይባል ነበር፤ አድጎ የኦሊቨር ክሮምዌል አማችና የጦር አዛዥ፣ በንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ የሞት ፍርድ ላይ ከፈረሙት ሰዎችም አንዱ ሆኗል። የመንደሪቱ ስም በድሮ መዛግብት በ«ት» ሳይሆን በ«ድ» ተጽፎ ይገኛል። የቋንቋ ሊቃውንት የመጀመሪያውን ክፍል አዳ ወይም አዲ ከሚል የጥንት አንግሎ-ሳክሰን የሰው ስም፣ ሁለተኛውን ደግሞ «በርህ» ከሚለውና ምሽግ ወይም የታጠረ ሰፈር ማለት ከሆነው ቃል ያመጡታል። ይኸው ቃል ካንተርበሪና ኤዲንብራ በሚሉት የከተማ ስሞች ጭራ ላይም አለ። ስለዚህ የመንደሪቱ ስም «የአዳ ምሽግ» እንደ ማለት ነው። የቤተሰቡ ስም የተወሰደው ከመንደሪቱ ከሆነ፣ በውስጡ የአንድ ተራ ሳክሰናዊ ሰው ስም ተደብቆ ከሺህ ዓመት በላይ ተጉዟል ማለት ነው።

ሌላው አስተያየት መንደሪቱን ጨርሶ ይተዋታል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ «አተን» ማለት «ከ…ው ዘንድ» ወይም «…ው አጠገብ» ማለት ነበር። ከዛፉ አጠገብ፣ ከወንዙ ዳር፣ ከጫካው ዘንድ የሚኖር ሰው በዚያው ይጠራ ነበር፤ አትውድ የሚለው ስም «ከጫካው ዘንድ» ማለት ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ናሽ የሚለው ስም ነው፤ አሽ ከሚባለው ዛፍ ዘንድ የሚኖረው ሰው «አተን አሽ» ሲባል፣ የ«አተን» የመጨረሻ ድምፅ ወደ ዛፉ ስም ተሻግሮ «ናሽ» የሚባል ስም ተወለደ። በዚህ መንገድ ካየነው አተንቦሮ «ከምሽጉ ዘንድ ያለው» ማለት ይሆናል፤ ምሽግ ባለበት የትኛውም ስፍራ ሊፈጠር የሚችል ስም ነው ማለት ነው።

እኔ ወደ መንደሪቱ አደላለሁ። አንደኛው ምክንያቴ ሰዋስዋዊ ነው። «በርህ» በጥንቱ እንግሊዝኛ አንስታይ ፆታ ስለነበረው ከፊቱ መምጣት የሚገባው «አተን» ሳይሆን «አተር» ነበር፤ እንዲያውም አተርበሪ የሚባል የቤተሰብ ስም በእርግጥ አለ፤ የተፈጠረውም በዚሁ ሕግ ነው። የሰዋስው ፆታ በዚያ ዘመን እየጠፋ ስለነበር ይህ ብቻውን ክርክሩን አይዘጋም። ሁለተኛው ምክንያቴ፣ የሚከብደውም እሱ ነው፣ ስሙ የተሰበሰበበት ቦታ ነው፤ ከምሽግ አጠገብ ያለ ሰው ሁሉ የሚጠራበት ቢሆን ኖሮ በመላው እንግሊዝ ተበትኖ ባገኘነው ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንባቢን ሊያሳስት የሚችል ነገር አለ። ከቦታ የመጣ የቤተሰብ ስም ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው በዚያው ቦታ አይደለም። ጎጃም ውስጥ «ጎጃሜው» ተብሎ የሚጠራ ሰው የለም፤ ሁሉም ጎጃሜ ነውና። ያው ሰው አዲስ አበባ መጥቶ ሰፈር ሲለምድ ግን «ጎጃሜው» ይባላል። አተንቦሮም እንደዚሁ ነው። መንደሪቱ ውስጥ እያለ ማንም በዚህ ስም ሊለየው አይችልም፤ የሚለየው ሁለትና ሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ተጉዞ ሌላ መንደር ሲሰፍር፣ የገበሬ ማሳ ሲከራይ ወይም ሚስት ሲያገባ ነው። ስለዚህ የስም ካርታ የሚያነብ ሰው ክምችቱን ከመንደሪቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ቢያገኘው ሊደነቅ አይገባውም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የስርጭቱ ጉዳይ፣ የሚጀምረው ከአጻጻፍ ነው። በ1538 የንጉሥ ስምንተኛው ሄንሪ ሚኒስትር ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ አዘዘ፤ ተራው ሰው በጽሑፍ በብዛት መታየት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። መዝጋቢው ቄስ የሚጽፈው ግን የሰማውን ነበር፤ ባለ ስሙ ራሱ ብዙውን ጊዜ ማንበብ ስለማይችል የሚያርመው አልነበረም። የስሙ ጭራ በሰው አፍ ላይ ተውጦ «አተንብራ» ወደሚል ስለሚጠጋ፣ አንዱ ቄስ አተንብሮው፣ ሌላው አተንባሮው፣ ሌላው ደግሞ አተንቡሮው እንደሚባል አድርጎ መዘገበው። የአንድ አባት ልጆች በሁለት ፊደል ተመዝግበው ሁለት ቤተሰብ መስለው የቀሩበት ጊዜ አለ። ኃይሉን በሦስት ዓይነት «ሀ» የሚጽፍ፣ በፓስፖርቱ ላይ ያለው የላቲን ፊደል ደግሞ ከወንድሙ ፓስፖርት ጋር የማይገጥምለት የእኛ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ለተመራማሪው ግን ከባድ ጣጣ ነው፤ አንዱን አጻጻፍ ብቻ ይዞ የሚቆጥር ሰው ብርቅዬውን ስም ከእውነቱ በላይ ብርቅዬ ያደርገዋል።

በእንግሊዝና በዌልስ መንግሥታዊ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ1837 ነው። ለስም ካርታ ሠሪዎች ዋናው ምንጭ ግን የ1881 የሕዝብ ቆጠራ ሆኗል፤ በጎ ፈቃደኞች ከዳር እስከ ዳር ስለገለበጡት እያንዳንዱን ስም በየአውራጃው መቁጠር ይቻላል። በዚህ ካርታ ላይ የአተንቦሮ ቤት ኖቲንግሃምሻየርና አጎራባቿ ዳርቢሻየር ናቸው። ሁለቱን የሚለየው ኤርዋሽ የሚባለው ትንሽ ወንዝ መንደሪቱ አጠገብ ከትሬንት ጋር ስለሚገናኝ፣ ስሙ በሁለቱም በኩል መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። የሰር ዴቪድ አባት ፍሬድሪክ አተንቦሮ በ1887 የተወለዱትም ከመንደሪቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር በምትርቀው በስቴፕልፎርድ ነው።

እንዲህ ያለውን ካርታ ለማንበብ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰዎቹን በጥሬ ቁጥር ብቻ ከቆጠርን ለንደን ሁልጊዜ ጎልታ ትወጣለች፤ ከየትም የመጣ ሰው እዚያ አለና። በየአሥር ሺህ ነዋሪው ስንት እንዳለ ስናሰላ ግን ለንደን ትደበዝዝና እውነተኛው መነሻ ይደምቃል። ከአተንቦሮዎችም ለንደን የገቡ ነበሩ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቤተሰቡ ስም እዚያ የታወቀው ሰዓትና ጌጣጌጥ በመያዣ ተቀብሎ ገንዘብ በማበደር ሥራ ነው። ሄንሪ ጉፒ የተባለ ሐኪም በ1890 ይህን ችግር በሌላ መንገድ ተሻግሮታል፤ የስሞችን መነሻ ሲፈልግ የቆጠረው ገበሬዎችን ብቻ ነበር፤ ከቦታቸው የማይነቃነቁት እነሱ ናቸው ብሎ ነው። ዘዴው ቀላል ቢሆንም ብልኅነቱን አደንቃለሁ።

ሰዎቹ ያን ያህል ዘመን በአንድ አካባቢ የቆዩት ስለ ሰነፉ አይደለም፤ ሥራው እዚያው ስለነበረ ነው። የካልሲ መሥሪያ ማሽን በ1589 የተፈጠረው በዚያው በኖቲንግሃምሻየር፣ ካልቨርተን በምትባል መንደር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሹራብና የካልሲ ሥራ፣ ቀጥሎም የኖቲንግሃም ዳንቴልና የኤርዋሽ ሸለቆ የድንጋይ ከሰል ለብዙ ትውልድ እንጀራ ሆነዋል። የገበሬ ልጅ መሬት ሲያጣ ወደ ሩቅ አገር ከመሰደድ ይልቅ በቤቱ ውስጥ ማሽን ተከራይቶ ካልሲ ይሠራ ነበር።

ስሙ ለምን እንደ ስሚዝ አልበዛም? ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ ነው፤ በየመንደሩ ቀጥቃጭ ስለነበረ ስሙ ሺህ ጊዜ ተፈጥሯል። አተንቦሮ ግን አንዴ ወይም ጥቂት ጊዜ ብቻ የተፈጠረ ስም ነው። በዚያ ላይ ስም የሚተላለፈው በወንድ ልጅ በኩል በመሆኑ ሴቶች ብቻ የወለደ ሰው ስሙን ይዞ ይቀበራል። ስሞች ገና በመጽናት ላይ እያሉ ደግሞ ከ1348 ጀምሮ ታላቁ ወረርሽኝ ከሕዝቡ ሲሶውን፣ በአንዳንድ ግምት እስከ ግማሹን ጨረሰ፤ ከእነርሱ ጋር የጠፋው ስም ቀላል አይደለም። ፍራንሲስ ጋልተንና ሄንሪ ዋትሰን በ1870ዎቹ ይህን በሒሳብ አስልተው፣ ማንም ሳይበድል፣ በዕድል ብቻ፣ አብዛኞቹ ስሞች በጊዜ ብዛት እንደሚጠፉ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ እንደሚበዙ አሳይተዋል። ዛሬ ያለ ብርቅዬ ስም ከዚህ ወንፊት ያመለጠ ነው።

የወንፊቱ ነገር ሦስተኛውን ጥያቄ በጣም ያወሳስበዋል። በሕዋሳችን ውስጥ የዘር መረጃ ከሚሸከሙት ክሮሞዞሞች አንዱ፣ ዋይ የሚባለው፣ እንደ እንግሊዙ የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ስምና ክሮሞዞም አብረው መሄድ አለባቸው። ይህን በስፋት የፈተኑት በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ ናቸው። (በዲኤንኤ ሰውን የመለየት ዘዴ በ1984 በአሌክ ጄፍሪስ የተገኘው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የግቢው ረጅሙ ሕንፃ ደግሞ በቀድሞው ኃላፊ በፍሬድሪክ አተንቦሮ ስም ተሰይሟል፤ አጋጣሚው ደስ ይላል።) በ2006 ይፋ ባደረጉት ጥናት ስም የሚጋሩ 150 ጥንድ ወንዶችን መረመሩ። በስሙ በኩል የጋራ አባት የመኖሩ ዕድል በአማካይ 24 በመቶ ሲሆን፣ ስሙ ብርቅዬ ከሆነ ወደ 50 በመቶ ይጠጋል። በ2009 ደግሞ 40 ስሞችን የያዙ 1,678 ወንዶች ተመርምረው፣ ከአተንቦሮዎች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት አንድ ዓይነት ወይም እጅግ የተቀራረበ ክሮሞዞም ተገኘባቸው። ስሚዞች ግን እርስ በርሳቸው ከመንገደኛ የበለጠ ዝምድና አልታየባቸውም።

ታዲያ አተንቦሮዎች ሁሉ የአንድ ሰው ዘር ናቸው? ውጤቱን አይቶ «አዎ» ማለት ያጓጓል። ነገር ግን በ1300 አካባቢ አተንቦሮ የተባሉ አምስት የማይዛመዱ ሰዎች ኖረው፣ የአራቱ የወንድ ዘር ተቋርጦ የአንዱ ብቻ ቢቀር፣ ላቦራቶሪው የሚያሳየን ያንኑ ውጤት ነው። ክሮሞዞሙ የሚናገረው ዛሬ በሕይወት ስላሉት ሰዎች የጋራ አባት እንጂ ስሙን መጀመሪያ ስለያዙት ሰዎች ቁጥር አይደለም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህን አበክረው ያስጠነቅቃሉ፤ ውጤቱን የሚያወሩት ሰዎች ናቸው የሚዘሉት።

የቀሩት ሰዎችስ ለምን ተለዩ? መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው የሚስት መወስለት ነው፤ ሆኖም ከጋብቻ ውጭ ተወልዶ የእናቱን ስም የያዘ ልጅ፣ ማደጎ፣ ወይም ውርስ ለማግኘት ሲል የአጎቱን ስም የወሰደ ሰው ያንኑ ውጤት ያመጣሉ። በ2000 የኦክስፎርዱ ብራያን ሳይክስ በራሱ ስም ላይ ባደረገው ጥናት፣ 48 ሰዎች ተመርምረው 21ዱ አንድ ክሮሞዞም ሲጋሩ፣ እንዲህ ያለው መቋረጥ በአንድ ትውልድ 1.3 በመቶ ገደማ መሆኑን ገምቷል። ትንሽ ይመስላል። ቁጥሩን ይዤ በ25 ትውልድ ሳባዛው ግን ሰንሰለቱ ሳይበጠስ የሚደርሰው 72 በመቶ ለሚሆኑት ብቻ ነው። ነገሥታትም ከዚህ አላመለጡም። በ2012 ሌስተር ውስጥ ከመኪና ማቆሚያ ሥር አፅማቸው የወጣው የንጉሥ ሪቻርድ ሳልሳዊ ክሮሞዞም በጽሑፍ የአባት ወገን ዘመዶቻቸው ከሆኑት ሰዎች ጋር ሊገጥም አልቻለም፤ ማንነታቸው የተረጋገጠው በእናት በኩል በሚወረሰው ዲኤንኤ ነው።

ስሙ፣ ካርታውና ደሙ ምን ያህል ሊለያዩ እንደሚችሉ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ግን አተንቦሮ ሳይሆን ሬቪስ የሚባለው የምሥራቅ ዮርክሻየር ብርቅዬ ስም ነው። የሌስተር ተመራማሪዎች ይህን ስም ከያዙት ነጭ እንግሊዛውያን በአንዱ ላይ ያገኙት ክሮሞዞም «ኤ1» የሚባል፣ ከወንዶች የዘር ግንድ ጥንታዊ ቅርንጫፎች አንዱ፣ መነሻውም ምዕራብ አፍሪካ የሆነ ነበር። የዚሁ የ«ኤ» ግንድ ሌላ ቅርንጫፍ በኢትዮጵያውያን ወንዶች ዘንድ በብዛት ይገኛል፤ የዮርክሻየሩ ግን ከምዕራቡ ወገን ነው። በምዕራብ አውሮፓ ከዚያ በፊት ታይቶ ስለማይታወቅ ተመራማሪዎቹ ስሙን የያዙ ሌሎች ወንዶችን ፈለጉ። የአጥቢያ መዛግብት ሲገለበጡ ክሮሞዞሙን የያዙት ሰዎች በሁለት የዘር ሐረግ ተደለደሉ፤ የሁለቱም የጋራ አባቶች በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዮርክሻየር ውስጥ የኖሩ ናቸው፤ ሁለቱ ሐረጎች የሚገናኙት ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። አፍሪካውያን በሮማ ዘመን የሰሜን እንግሊዝን ድንበር ከሚጠብቁት ወታደሮች መካከል ነበሩ፤ በኋላም በባሪያ ንግድ ዘመን ብዙዎች ወደ ብሪታንያ ተወስደዋል፤ አንዱ በሆነ ጊዜ ወንድ ልጅ ወልዶ፣ የልጁ ዘር የሬቪስን ስም ይዞ ቀርቷል። በ2007 ይፋ በሆነው በዚህ ጥናት ከተመረመሩት 18 የስሙ ተሸካሚዎች ክሮሞዞሙ የተገኘው በ7ቱ ላይ ነው፤ የቀሩት 11ዱ ያንኑ የዮርክሻየር ስም ይዘው ሌላ ክሮሞዞም ተሸክመዋል።